ምራቅና ምርቃት

አባንግ ጣሊያን አገር አሥር ቀን ሰንብታ ወደ ጋምቤላ ስትመለስ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ስለ ሮም ይጠይቃት ጀመር። እሷ ግን ሮምን ያየችው በአውሮፕላን ማረፊያው መስታወት በኩል ብቻ ነው። የሄደችው ለሥልጠና ነበር። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በቱሪዝም ባለሙያነት ትሠራለች፤ ሥልጠናውም የገጠር ሰው ደርሶ መልስ ጎብኚን እንዴት እንደሚያስተናግድ የሚያሳይ ነበር። አሥሩንም ቀን ጠዋት ጠዋት ሠልጣኞቹን አውቶቡስ ይጭናቸዋል። በወይን ማሳ መሀል ሲጠማዘዝ አርፍዶ ኮረብታ አናት ላይ የተሰቀለች አንዲት የድንጋይ ከተማ ያደርሳቸዋል። ግንቡን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈውን መንገድ ያያሉ። ከምሳ በኋላ ወይን ጠማቂ ቤት ወርደው ይቀምሳሉ። ሲመሽ ይመለሳሉ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በአግራሞት አፏን እንደከፈተች አለፈቻቸው። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ይጎረብጣት ጀመር። በየሱቁ በራፍ ሰኮናው ያልተነሳለት የአሳማ ጭን ተንጠልጥሏል። መነጽር የተደረገለት የከርከሮ ራስ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ጎብኚው ጉንጩን አስጠግቶ ፎቶ ይነሳል። አስጎብኚያቸው፣ ቀን ቀን የሚሸጡት ሰዎች ሲመሽ ቁልቁል ወርደው አዲሱ ከተማ እንደሚያድሩ፣ በግንቡ ውስጥ የቀሩት ጥቂት አዛውንት ብቻ እንደሆኑ እንደ ዋዛ ነገረቻቸው። ከነዚያ አዛውንት አንዷ መስኮታቸውን ከፍተው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ስልሳ ሰው ስልኩን አነጣጠረባቸው። አባንግም አነጣጠረች። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩና መስኮቱን ዘጉት። ስልኳ ላይ የቀረው መዝጊያውን የሚስብ እጅ ብቻ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ገብታ አጠፋችው።

አብሯት የተላከው አለቃዋ ረታ ነበር። ረታ የደጋ ሰው ነው፤ ጋምቤላ ከመጣ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ንግግር ያውቃል፤ ሰው ፊት መቆም ይወዳል። ቅምሻው የራሱ ሥርዓት ነበረው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ማንሳት፣ ማሽከርከር፣ ማሽተት፣ ጉንጭ ውስጥ ማንከባለል፣ ከዚያ ከፊት ወደተቀመጠው የብረት ዕቃ መትፋት። አባንግ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሀል ያደገች ናት፤ አልኮል በአፏ ስለማይዞር ብርጭቆዋን ወደ ረታ ታስጠጋለች። ረታ ደግሞ አይተፋም። የእግዜርን ፍሬ መትፋት ነውር ነው እያለ የራሱንም የእሷንም ይጨልጣል። በአምስተኛው ቀን ሰባት ዓይነት ቀረበ፤ ረታ አሥራ አራት ጠጣ። ወደ አውቶቡሱ ሲመለሱ፣ የከተማዋ በር ላይ ያንን ስንት ዘመን የኖረ ግንብ በግንባሩ ተደግፎ አስመለሰው። ጫማውና የሱሪው ጫፍ ቀይ ሆነ። ሌሎቹ ሠልጣኞች ፊታቸውን አዙረው ሲቆሙ አባንግ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ ጠረገችለት። ምሳው ነው ያልተስማማኝ አላት። እስከ ማደሪያቸው ድረስ ሽታው ከጎኗ ተቀምጦ ሄደ።

ጋምቤላ እንደገቡ ረታ ለሠራተኛው ገለጻ አደረገ። ፎቶዎቹን ግድግዳው ላይ የምታሳየው አባንግ ነበረች። ግንቡን፣ ማሳውን፣ ረጅሙን የምሳ ጠረጴዛ ካሳየ በኋላ ስለ ቅምሻው ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የሠለጠነ ሰው አይሰክርም" አለ። "ይቀምሳል፣ ያጣጥማል፣ ይተፋል። የምንውጠው እኛ ነን።"

ሠራተኛው ሳቀ። አባንግ ቀጣዩን ፎቶ ማሳለፍ ረስታ ጫማውን ታያለች። ያው ጫማ ነው። ተወልውሏል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ግማሹ የእሷ ጥፋት ነው፤ ይህን ራሷም አትክድም። ገና ጣሊያን ሳሉ፣ አንድ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ፣ አክስቷ አሪየት ከማሽላ የምትጠምቀው ጠላ በአካባቢው ሁሉ ስም ያለው መሆኑን፣ መንደሯም ከፍ ያለ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ለረታ አጫውታው ነበር። የወይኑ ማሳ አስታውሷት፣ ናፍቆት ይዟት ያለችው ነው። ረታ ግን ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጽፎት ኖሯል። በጥቅምት ወር ጠራትና የመጀመሪያው የደርሶ መልስ ጉብኝት ወደ አክስቷ መንደር እንዲሆን መወሰኑን ነገራት። መግለጫውን እንድትጽፍም አዘዛት። "ከአራት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረች፣ ኮረብታ ላይ ያለች ጥንታዊ መንደር" የሚል ዓረፍተ ነገር በእጁ ጽፎ ሰጣት።

"አቶ ረታ፣ መንደሩ እዚያ ከሰፈረ ገና ሰባት ዓመቱ ነው" አለችው። "ድሮ ባሮ ዳር ነበሩ። ውኃው ሲያስቸግራቸው ነው ወደዚያ የወጡት። ኮረብታም አይደለም፤ ትንሽ ከፍ ያለ ሜዳ ነው።"

"ሕዝቡስ? ሕዝቡም ሰባት ዓመቱ ነው?"

"እሱማ አይደለም።"

"በይ እንግዲያው ጻፊ።"

ጻፈች። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም አሳምራ ጻፈች። ታትሞ ሲመጣ አንድ ቅጂ ይዛ አነበበችውና አፏ ውስጥ የዛገ ብረት የመሰለ ጣዕም ተሰማት። ቢሆንም በጀዊና በፑኝዶ የስደተኛ ጣቢያዎች ላሉ የእርዳታ ድርጅቶች ሁሉ በኢሜይል የላከችው ራሷ ናት።

አሪየት ለአባንግ አክስትም እናትም ናት። እናቷ የሞተችው እሷ ገና በእጅና በጉልበቷ ስትድህ ነው። የራሷ የጡት ልጅ የነበረችው ፊልሞና ከጡቷ ሳትወርድ አሪየት አባንግን በሌላው ጡቷ ያዘቻት፤ ሁለቱም በአንድ ወተት አደጉ። ዛሬ ፊልሞና እዚያው ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ጉብኝቱ ሊደረግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወንድ ልጅ ተገላግላ ነበር። ሕፃኑ ግን በቅጡ አይጠባም። ጡቱን ይይዝና ወዲያው ደክሞት ይለቃል። ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ ወስደውታል፤ ክብደቱን መዝነው፣ በትዕግሥት ደጋግማ እንድታጠባው መክረው መለሷቸው። አሪየት ቀን ትጠምቃለች፣ ማታ ልጁን ደረቷ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። አባቷ ቢኖሩ ይሻለው ነበር ትላለች። የአሪየት አባት ልጅ ሲታመም ውኃ ይጎነጩና ግንባሩ ላይ እፍ ብለው ይመርቁ ነበር። አባንግንም በልጅነቷ እንዲያ መርቀዋታል፤ የውኃው ቅዝቃዜ እስከ ዛሬ ትዝ ይላታል። እሳቸው ካረፉ ወዲህ መንደሩ ውስጥ እንደዚያ የሚመርቅ ሽማግሌ አልቀረም።

ረታ ከጉብኝቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መንደሩን ሊያዘጋጅ ሄደ፤ አባንግ አስተርጓሚ ነበረች። ሰማያዊና ቢጫ ጀሪካኖቹ ከፎቶ ይውጡ አለ፤ ሴቶቹ ተሸክመው ከጎተራው ኋላ ደበቋቸው። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ተነሱ። ቤቶቹ ላይ ያሉት የፀሐይ መብራት ሰሌዳዎች ወረዱ። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ በሰሌን ተሸፈነ። የእንግሊዝ ቡድን ማሊያ የለበሰ ጎልማሳ ሁሉ እንዲያወልቅ ተነገረው። አንዱ ሰውዬ ሌላ ሸሚዝ የለኝም ሲል ረታ እንዲያውም ያለ ሸሚዝ ይሻላል አለ። አባንግ ይህንን ስትተረጉም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር። ሰውዬው የጎረቤታቸው ባል፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ነው። አሪየት ግን ሁሉንም በሳቅ ተቀበለችው። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይሰበሰባል፤ ምን ክፋት አለው አለች። ብቅሉን ራሷ አብቅላ፣ ራሷ ፈጭታ፣ ከሌላው ጊዜ አንድ ቀን ጨምራ ነበር የጠመቀችው። አተላው እንዳይገባበት ሁለት ጊዜ አጠለለችው። አሥራ አራት እንግዳ እንደሚመጣ ሰምታ ለሠላሳ ሰው የሚበቃ ሠራች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት ላንድክሩዘርና አንድ ሚኒባስ መጡ። እንግዶቹ አብዛኞቹ የጀዊ የእርዳታ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከነሱ መሀል ድርጅቷን ወክላ የመጣች፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት አንዲት ጣሊያናዊት ነበረች። ረታ ከአገሯ የገዛውን የገለባ ባርኔጣ አድርጎ ተቀበላት። ግንብ ስለሌለ የከብት በረቱን አጥር አስጎበኘ። አጥሩ ባለፈው በጋ የታጠረ ነው፤ እሱ ግን እየዳሰሰ የጥንት አባቶች ምሽግ እንደነበር በእንግሊዝኛ አስረዳ። ሸሚዛቸውን ያወለቁት ሰዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ የት እንደሚያዩ ጠፍቷቸው ቆመዋል። አንድ እንግዳ ጎንበስ ብሎ የሰንበት ትምህርት አስተማሪውን ከደረቱ በታች ብቻ ፎቶ አነሳው። ሆዱ ላይ ያለውን ጠባሳ ወድዶት ነው።

ቅምሻው የተዘጋጀው ትልቁ ማንጎ ሥር ነበር። ረታ ጠላው በቅል ቢቀርብ ፈረንጆቹ ይጸየፋሉ ብሎ ከከተማ ሆቴል የወይን ብርጭቆ ተውሶ አምጥቷል። ጠረጴዛው መሀል አንድ ነጭ ባልዲ ተቀመጠ። የቀለም ባልዲ ነው፤ የቀለሙ ስም ገና አልተላጠም። አባንግ ባልዲውን ስታይ ምን ሊሆን እንደመጣ ገባት። የረታን እጅ ይዛ ይቅርብን ለማለት ሁለት እርምጃ ቀርባ ነበር። ነገር ግን እንግዶቹ ተቀምጠዋል፣ አሪየት እንስራውን አቅፋ እየመጣች ነው፣ ረታም ንግግሩን ጀምሯል። ተመልሳ ቆመች።

ረታ ሥርዓቱን አሳያቸው። ማንሳት፣ ማሽከርከር፣ ማሽተት፣ ማንከባለል፣ መትፋት። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የመጀመሪያው፣ ቀጭን ወጣት ሐኪም፣ ተጎነጨና ባልዲው ውስጥ ተፋ። ጮክ ያለ ድምፅ ነበረው። ሁለተኛዋ ስትተፋ ግማሹ አገጯ ላይ ቀረ፤ ሳቁ። ከዚያ በየተራ ተነሥተው፣ ጎንበስ እያሉ፣ አሥራ አራቱም ተፉ። አንዷ አፏን የጠረገችበትን ሶፍት ባልዲው ውስጥ ጣለች። ሌላው የሲጋራውን ቁራጭ ጨመረ። የአራት ቀን ድካም የነበረው ጠላ አረፋና ምራቅ ሆኖ በባልዲው ጎን ላይ ይንሸራተት ጀመር።

አሪየት እንስራውን እንዳቀፈች ቆማ ነበር። መጀመሪያ ፈገግ ብላ፣ ቀጥሎ ፈገግታዋን መልሳ፣ በመጨረሻ ከሰው ወደ ሰው እያየች።

"ምን እያደረጉ ነው?" ብላ በአኙዋ ቋንቋ አባንግን ጠየቀቻት። "ኮመጠጠ?"

ረታ ቃሉን ባይሰማም ፊቷን አንብቦታል። ወደ አባንግ ጠጋ አለ። እሱ ሦስት ብርጭቆ ጨልጦ አንዱንም አልተፋም፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"ይመርቁሻል በያት" አላት በአማርኛ። "እኛስ አገር ሽማግሌ እንትፍ እንትፍ ብሎ አይደል የሚመርቀው? በያት። ይገባታል።"

አባንግ አፏን ከፈተች። እምቢ ለማለት ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እየመረቁሽ ነው፣ አክስቴ። አገራቸው እንደዚያ ነው የሚመርቁት።"

የአሪየት ፊት በራ። እንስራውን በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጠችና ዞራ ወደ ጎጆዋ ሄደች። ጠላ ልትጨምር ነው ብላ አባንግ ልቧ መለስ አለ። አሪየት ስትመለስ ግን እጇ ላይ የነበረው ሕፃኑ ነው። ፊልሞና ነጠላ ትከሻዋ ላይ እንደጣለች፣ ከእንቅልፍ እንደተነሣች ሁሉ ዓይኗን እያሻሸች ተከትላታለች።

አሪየት እንግዶቹን አንድ በአንድ አይታ ጣሊያናዊቷን መረጠች፤ በዕድሜ የምትበልጠው እሷ ናት። ፊቷ ሄዳ የሕፃኑን ራስ ገለጠችና ዝቅ አለች። ሴትዮዋ ለፎቶ መስሏት ሕፃኑን በደስታ ተቀበለቻት፤ ስልኮች ተነሡ። አሪየት ግን ራሷን ነቀነቀች። በጣቷ የሕፃኑን ግንባር፣ ከዚያ የሴትዮዋን አፍ፣ ከዚያ ብርጭቆውን አመለከተች። ይህ ልጅ አልጠባ ብሏል፤ አንድ ጊዜ ብቻ እፍ በይበት አለች። በአኙዋ ቋንቋ ያለችው ነው፤ መተርጎም የምትችለው አባንግ ብቻ ናት። ጣሊያናዊቷ ግራ ገብቷት ምን እንደምትል አባንግን ጠየቀቻት።

አባንግ ከአክስቷ ወደ ጣሊያናዊቷ ተመለከተች። እንግሊዝኛውም፣ አማርኛውም፣ የራሷም ቋንቋ በአንድ ላይ ጠፋት።

ያን ጊዜ ነው ረታ የመጣው። "ቀላል ነገር ነው፤ ምን ያስጨንቃችኋል" አለ። ብርጭቆውን ይዞ ጎንበስ አለና በሕፃኑ ግንባር ላይ እንትፍ፣ እንትፍ አለ። አየር ብቻ አልነበረም። አፉ ሙሉ ነበር። ጠላው ከምራቁ ጋር ተቀላቅሎ በሕፃኑ ቅንድብ ላይ ወረደ፤ አንድ የማሽላ ገለፈት ሽፋሽፍቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሕፃኑ ፊቱን ጨመደደ። አሪየት ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ደፍታ፣ አሜን እያለች ነበር። ረታ ቀና ብሎ ለካሜራዎቹ ሳቀ፤ ጥርሱ መሀል ገለፈት አለ።

ጣሊያን ውስጥ አባንግ የጠረገችው ትውከት እንዲህ አላጥወለወላትም። ከጣሊያናዊቷ እጅ ሕፃኑን ነጥቃ በቀሚሷ ጫፍ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ዓይኑን ጠረገች። ደግማ ጠረገች። አሪየት ዓይኗን ገልጣ እጇን ያዘቻት።

"ተይ፤ ምርቃቱን አታጥፊበት።"

"ምርቃት አይደለም" አለች አባንግ። "ዋሽቼሽ ነው፣ አክስቴ። ጠላሽን ቀምሰው እየተፉት ነው። እዚያ የሄድኩበት አገር መጠጥ እንደዚህ ይቀመሳል። ማንም አልመረቀሽም። ይሄም ሰክሮ ነው።"

አሪየት እጇን ለቀቀቻት። ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ በባልዲው ላይ አጎንብሳ ብዙ ጊዜ አየች። አረፋውን፣ ሶፍቱን፣ የሲጋራውን ቁራጭ።

"ሁሉም?" አለች።

"ከእሱ በቀር ሁሉም።"

አባንግ ያንኑ ነገር ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ጣሊያናዊቷ እስከ አንገቷ ቀላች። የተፋችው የመንደሩ ሥርዓት መስሏት እንደሆነ፣ ሌሎቹም ሰዎቹን ላለማስቀየም ብለው እንደተፉ ተናገረች። አያቷ ወይን ጠማቂ እንደነበሩ፣ እቤታቸው የተተፋ ወይን አይታ እንደማታውቅ፣ ያ የነጋዴና የጎብኚ ነገር እንደሆነ ጨመረች። ከዚያ ባዶ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አሪየት ሄደች፤ ቀድታላት ልትጠጣ ነው። አሪየት ግን ሕፃኑን ከአባንግ እጅ ተቀብላ፣ ጎጆዋ ገባችና የበሩን ሰሌን አወረደች። የመንደሩ ሴቶች መጥተው እንስራዎቹን አንድ በአንድ አነሡ። የሰንበት ትምህርት አስተማሪው ቤቱ ገብቶ ማሊያውን ለብሶ ወጣ።

እንግዶቹ ተጣድፈው ሲሳፈሩ ባልዲው ማንጎው ሥር ቀረ። ረታ ሾፌሩን አብኔርን መኪናው ላይ ጫነው አለው። አብኔር ትሑት ሰው ነው፤ አለቃ ያዘዘውን እምቢ ሲል ታይቶ አይታወቅም። ያን ቀን ግን ይህንን ከምጭን መኪናውን ትቼ በእግሬ እሄዳለሁ አለ። የመንደሩ ሰው ደግሞ በአጠገቡም አያልፍም። በመጨረሻ አባንግ ተሸከመችው። ከመንደሩ ርቃ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ልትደፋው ስትል ተንገጫግጮ እጇና እግሯ ላይ ፈሰሰ። ሞቆ ነበር። ጣቶቿ መሀል ገብቶ ተዝለገለገ። ባሮ ድረስ በእግሯ ወርዳ በአሸዋ ታጠበች፣ በሳሙና ታጠበች፣ ልብሷን አውልቃ አጠበች። ሽታው ከእጇ ሲለቅ፣ ያ እየመረቁሽ ነው ያለችበት አፏ ቀረ። አፏን ስንት ጊዜ ተጉመጠመጠች።

ረታ ሰኞ ዕለት ቢሮው ጠርቶ በእንግዳ ፊት አዋረድሽኝ አላት። መሥሪያ ቤቱንም፣ ክልሉንም፣ አገሪቱንም ጨመረ። እሷ ጥርሱን ታያለች። ሪፖርቱ ጉብኝቱ የተሳካ እንደነበር፣ ማኅበረሰቡም ተጠቃሚ እንደሆነ ይላል። ሽፋኑ ላይ ጣሊያናዊቷ ሕፃኑን ታቅፋ አለች። እንድትፈርም ሲሰጣት አልፈርምም አለች። በወሩ ፑኝዶ ተዛወረች፤ ማንም ያልጠየቀው ቦታ ነበር። ጉብኝቱ በሌላ መንደር ሁለት ጊዜ ተደገመ፤ ባልዲውም አዲስ ተገዛለት። ከዚያ ዝናቡ መንገዱን ሲቆርጠው ነገሩ ተረሳ።

ሕፃኑ ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው ሳምንት መጥባት ጀመረ። ጉልበት አገኘ፣ ጉንጩ ሞላ። መንደርተኛው ግማሹ የዚያ ሰውዬ ምርቃት ሠርቶ ነው አለ። ወሬው ረታ ጆሮ ደረሰ፤ በየግብዣው ልጁን እንዴት እንዳዳነ ያወራ ጀመር። ይህን ፑኝዶ ሆና የሰማች ዕለት አባንግ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ከሁሉ የከፋባት ይህ ነበር። ልጁ በመዳኑ ደስ ሊላት ስትል የረታ ጥርስ ይመጣባታል።

አምስት ወር ሙሉ መንደሩን ሳትረግጥ ቆየች። በግንቦት መጀመሪያ፣ መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት፣ አሻንጉሊትም ስኳርም ሳትይዝ፣ ባዶ እጇን ሄደች። አሪየት ማንጎው ሥር ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። አልተነሣችም። ሰላምታዋን ግን መለሰችና ሰሌኑ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። አባንግም አንድ በቆሎ አንሥታ መፈልፈል ጀመረች። አባንግ ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀችውን ንግግር ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ዋጠችው።

"እዚያ የሄድሽበት አገር" አለች አሪየት በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል። "ሲተፉ ጠማቂው የት ነው የሚሆነው?"

አባንግ አሰበች። የአምስተኛው ቀን ሰውዬ ትዝ አላት። ስልሳውን ያለፈ፣ ቦት ጫማ ያደረገ፣ ጥፍሩ ሥር አፈር የገባ ሰው ነበር። ጠርሙሱን በብብቱ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። አንድ ሰው በተፋ ቁጥር ጫማውን ያይና፣ ፈገግ ብሎ ቀጣዩን ይቀዳል። እስካሁን አንድም ቀን አስባው አታውቅም።

"እዚያው ነው" አለች። "ቆሞ ያያቸዋል። ፈገግ ይላል።"

የአሪየት እጅ በቆሎው ላይ ቆመ።

"ምስኪን" አለች። ቆየት ብላም "ሚስት አለችው?"

"አላውቅም። አልጠየቅኩትም።"

"መጠየቅ ነበረብሽ" አለችና አሪየት ያልተፈለፈለ በቆሎ አንሥታ ጭኗ ላይ ጣለችላት።